የኔትወርኩ የውሃ አባት

ኢንተርኔትን በገጠር ቦይ ሕግ ያስተዳደርሁ ሰው እኔ ነኝ። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። እንጅባራ ላይ ማን እንደሳቀና ማን እንዳኮረፈ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ብርዱ ጥርስ ስለሚያስገለፍጥ ያኮረፈውም የሳቀ ይመስላል።

ሥራዬ የመሥሪያ ቤታችንን ኮምፒዩተሮችና ኔትወርክ መጠበቅ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ዳንግላ ነው። አባቴ በጋሪ ሰው ያመላልስ ነበር፤ እኔ በሽቦ ወሬ አመላልሳለሁ። የአባቴ ፈረስ ሲደክመው ይቆማል፤ ተሳፋሪውም ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። የእኔ መሥመር ሲደክመው ግን አንዲት ክብ ነገር መሐል ላይ እያሽከረከረ ሰውን ከነተስፋው ያስቀምጠዋል። ከሁለቱ ፈረሱ ይሻላል፤ ቢያንስ አይዋሽም።

ይህ የማወራችሁ ነገር የሆነው የስልክ ዳታ በከተማችን በጠፋበት ወቅት ነው። ኢንተርኔት ያለው በሽቦ በገባላቸው ጥቂት ቤቶች ብቻ ነበር፤ አንዱ እኛ ነን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ገምቱት። የከተማው ባጃጅ ሁሉ የሚበላሸው እኛ አጥር ሥር ሆነ። አንድ ቀን የዳንግላ ተሳፋሪ የጫነ ሚኒባስ “ጎማ ነፈሰብኝ” ብሎ አጥራችን ጥግ ቆመ። ወጥቼ ጎማውን ባየው ከእኔ ጉንጭ ይበልጥ ተወጥሯል። ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ተሳፋሪውም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፤ በውስጡ የነበረች አንዲት ዶሮ ብቻ ናት ዋይፋይ ያልያዘች። ፓስወርዱን ጠዋት ስቀይረው ከሰዓት ገበያ ላይ ይውላል።

ከውጭው ይልቅ ግን የባሰው ውስጡ ነበር። አንዱ መዝሙር ያወርዳል፣ አንዱ ኳስ ያወርዳል፣ ሒሳብ ሠራተኛችን ማለቂያ የሌለው ተከታታይ ፊልም ታወርዳለች። ሁሉም የሚያወርደው ለራሱ ብቻ አይደለም፤ ለአክስቱ፣ ለጎረቤቱ፣ ለጎረቤቱ አክስት ጭምር ነው።

እንዲህ ባለ ሰሞን ነው የመስኖ ባለሙያዋ ክፍሌ ድረስ የመጣችው። ከጥርባ ሐይቅ ማዶ ካለ መንደር የወጣች፣ ከአባቷ ጋር በአዊኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ የምታወራ፣ ከቦይና ከውሃ ጋር ደግሞ በሁለቱም የምትነጋገር ጎበዝ ናት። ቆማ ቀረች።

“ቁጭ በይ እንጂ።”

“አያ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው።”

“አስቸግሪኝ፤ ለዚያ አይደል ደሞዝ የሚከፈለኝ?”

ለሁለተኛ ዲግሪ የትምህርት ዕድል አመልክታ የመጀመሪያውን ማጣሪያ አልፋ ነበር። የቀራት የቃል ፈተና ነው፤ እሱም በቪዲዮ። ዕድሜዋ ከተፈቀደው ጣሪያ ጋር ተነካክቷል፤ ይህ ካመለጣት በሚመጣው ዓመት አመልክቺ የሚላት የለም። ባለፈው ሳምንት የመሥመር ሙከራ አድርገውላት ነበር። ገና ስሟን ስትናገር ምስሏ አፏን እንደከፈተች ደርቆ ቀረ።

“ያዩት ጉሮሮዬን ብቻ ነው” አለችኝ።

“መሥመሩ በፈተናው ቀን ቢቋረጥ ደግመው ይጠይቁሻል?”

“አይጠይቁም። ወደሚቀጥለው ሰው እናልፋለን ብለዋል።”

ድምጿ እዚህ ላይ ትንሽ ተሰበረ። እኔ ደግሞ ድምፅ ሲሰበር ደረቴ ይነፋል፤ ተፈጥሮዬ ነው። “እኔ እያለሁልሽ!” አልኳት። “ያን ቀን ከዚህ ቤት አንዲት ፎቶ እንኳ አትወርድም። ጃንጥላ ማውረድ የፈለገ ሰው መጀመሪያ እኔን ያስፈቅዳል።”

መጀመሪያ የሞከርኩት የተማርኩትን ነው፤ ከባድ ፋይል እንዳይወርድ ዘጋሁ። ምሳ ሳይደርስ ኃላፊያችን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡ።

“አንተ፣ ክልሉን ዘጋኸው እንዴ? የላኩልኝ ሪፖርት አይከፈትም።”

“ክልሉን አይደለም ጌታዬ፣ ፊልሙን ነው የዘጋሁት።”

“ክልሉ ፊልም ነው የሚልክልኝ?”

ከፈትኩት። ሌላ መላ አመጣሁ፤ ትልቁን ከልክዬ ትንሹን ፈቀድኩ። የሰው ልጅ ግን ክፉ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር፣ እኩያዬና የቀልድ ተፎካካሪዬ፣ ፊልምን እንደ ቅርጫ ሥጋ መድቦ ማውረድ ጀመረ። አንዱ መጀመሪያውን ያወርዳል፣ አንዱ መካከሉን፣ አንዱ መጨረሻውን፤ ከዚያ ሻይ ቤት ተገናኝተው በፍላሽ ይገጣጥሙታል። መጨረሻው የደረሰው ሰው ማን እንደሚሞት ስለሚያውቅ ያን ቀን ሙሉ ሻይ ይጋበዛል። እንግዲህ በሬ ታርዶ ይህን ያህል ፍትሐዊ ክፍፍል ሲደረግ አይቼ አላውቅም። ልቤ ቢናደድም በሙያው ተደነቅሁ።

ያን ጊዜ ነው ወደ መስኖዋ ክፍል የሄድኩት። ክፍሏ ከዋናው ሕንፃ ጀርባ፣ የድሮው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ኬብሉ ኮርኒስ ለኮርኒስ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተንከላውሶ እሷ ጋ ሲደርስ ራሱ ዕረፍት መጠየቅ የሚያምረው ነው። የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለችው ቀጭን ፕላስቲክ ምላስም ተሰብራ፣ ትንሽ ሲነካኩት ይወልቃል። መለዋወጫው ከገበያ ጠፍቶ ሰነበተ።

“ስሚ፣ እናንተ መንደር ውሃ ሲያጥር ምን ታደርጋላችሁ?” አልኳት።

“በተራ ነዋ። የውሃ አባት ይመረጣል፤ ተራ ያወጣል፣ ቦይ ይዘጋል፣ ይከፍታል። አባቴ የውሃ አባት ነበር።”

“ጉልበተኛ ስለነበር ነው የተመረጠው?”

“ኧረ ወዲያ! መሬቱ የቦዩ ግርጌ ላይ ስለነበር ነው። ራስጌ ላይ ያለ ሰው መቼ ውሃ ያጥረዋል? ውሃው ግርጌ መድረሱን የሚያውቀው ግርጌ ያለው ብቻ ነው። ያ ሰው ከጠጣ ሁሉም ጠጥቷል ማለት ነው።” ቀጠለችና “አንድ ዓመት የራሱ ሽንኩርት ፀሐይ ሲፈጀው ቆሞ አይቷል። ለራሱ ማሳ ከተራው በላይ አንዲት ጣሳ አላስወረደም። እናቴ ለሳምንት አኩርፋዋለች” አለች።

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት የምፈልጋትን ብቻ ነው፤ ተራ፣ ግርጌ፣ የውሃ አባት። ሽንኩርቱን አልሰማሁም። ብልህ ሰው ሁሉንም አይሰማም ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

በማግስቱ ኃላፊው ስብሰባ ጠሩልኝ። ተነስቼ “ጎበዝ፣ ይህ ኔትወርክ ቦይ ነው” አልኳቸው። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የገበሬ ልጅ ነው፤ ግማሹ በልጅነቱ በውሃ ተራ የተፈነከተ ጠባሳ አለው። አንድ ዓመት ሙሉ “ባንድዊድዝ” ብዬ ያላስገባሁላቸውን ነገር በአንዲት ቃል ገቡበት፤ ገብተውም መከራከር ጀመሩ።

“እኔ ራስጌ ነኝ ማለት ነው?” አሉ ኃላፊው። ራውተሩ የተሰቀለው ከክፍላቸው ጎን ነው።

“እርስዎማ ምንጩ ላይ የተቀመጡ ነዎት።”

“ታዲያ የውሃ አባቱ እኔ ነኛ!”

“ጌታዬ፣ ምንጭ ላይ የተቀመጠ ሰው ውሃ ማለቁን መቼ ይሰማል?” አለ ሹፌሩ። ሕዝቡ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ግርጌው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ፊታቸውን ወደ መስኖዋ አዞሩ። እሷ ግን “እኔ አልሆንም፤ ሌላ ሰው ምረጡ” ብላ ሙጭጭ አለች። ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አልኩና “ዝም በይ አንቺ፣ ቁልፉን እጅሽ ላይ እያስቀመጥኩልሽ ነው” አልኳት። ነጭ ሽንኩርት መደብ ውስጥ የገባ አህያ እንደሚታይ አየችኝ። ሆኖም ተመረጠች። ሴት ብትሆንም ማዕረጉ አልተቀየረም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው ሁሉ “የውሃ አባት እንዴት አደሩ?” ይላታል።

ሕጉ ቀላል ነው። ቀኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ። ከራስጌ ጀምሮ እስከ ግርጌ እያንዳንዱ ክፍል ተራ አለው። ባለተራው ሙሉውን ቦይ ያገኛል፤ ለሌላው ደብዳቤ የምታደርስ ጠብታ ብቻ ትለቀቃለች። እሷ ጠዋት መጥታ “ዛሬ የነእገሌ ነው” ትላለች፤ እኔ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። በዚያ ሳምንት ጸጥታ ሰፈነ። ሰው ከሰው አልተጣላም፤ ክብ ነገር አልተሽከረከረም። እኔማ ኮሪደሩ ላይ የምራመደው ወንዝ እንደጠለፈ ሰው ነበር። ሚስቴ “ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትጎማለለው?” ብትለኝ “ግዮንን ገድቤ” አልኳት።

ከዚያ ግን አንድ ነገር ማስተዋል ጀመርኩ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከዚያ በፊት ግማሹ ሰው ምንም አያወርድም ነበር። አሁን ሁሉም ያወርዳል! ለካስ ተራ የተሰጠው የገበሬ ልጅ፣ ተራውን ዝም ብሎ አያሳልፍም። ያልተጠጣ ተራ ወንዝ ገብቶ የቀረ ውሃ ነው። ጠዋት ተራው የሆነ ሰው ከመጠን በላይ በጊዜ ይገባና ማሽኑን ከፍቶ፣ ኩሬ እንደሚሞላ ገበሬ ያገኘውን ሁሉ እያወረደ ፍላሹ ውስጥ ያጠራቅማል። ሒሳብ ሠራተኛዋ አውርዳ ያላየችው ፊልም ዕቃ ቤት መከራየት እስኪያስፈልገው ደርሷል። የባሰው ሹፌሩ ነው። አንድ ቀን ጎራ ብል በማያውቀው ቋንቋ፣ ኮሪያኛ መሰለኝ፣ ጫማ እንዴት እንደሚሰፋ የሚያሳይ ረዥም ቪዲዮ እያወረደ ነው።

“አንተ ሰውዬ፣ ጫማ ልትሰፋ ነው?”

“ማን? እኔ?”

“ታዲያ ይህን ምን ታደርገዋለህ?”

“ተራዬ ነው እኮ!” አለኝ፤ እንዲያውም ተቆጣ። “ተራዬን ልድፋው እንዴ?”

እንግዲህ በዚህ መሐል የፈተናው ቀን ተነገራት። ማክሰኞ ጠዋት። ተራውን ስናየው ማክሰኞ ጠዋት የራስጌዎቹ ነው፤ የኃላፊውና የሹፌሮቹ። የእሷ ሐሙስ ከሰዓት።

“በጣም ጥሩ” አልኳት። “የውሃ አባት አንቺ ነሽ፤ ለውጪው።”

“አልለውጥም።”

“ምን?”

“ለማንም ቢሆን እለውጥ ነበር። ለራሴ አልለውጥም። ሽንኩርቱን ነግሬህ አልነበር?”

ለካስ ያ ሽንኩርት ነበር ዋናው ነገር! ቁልፉን እጇ ላይ አስቀመጥኩ ስል እጇን ራሱ ነበር የቆለፍኩት። “እሺ፣ ጠይቂያቸው። ይሰጡሻል” አልኳት።

“የውሃ አባት ሲጠይቅ እምቢ የሚል ይኖራል አያ? እምቢ ማለት ካልቻሉ ልመና አይባልም፤ መቀማት ነው። አንተም በእኔ ስም እንዳትለምን። ማልልኝ።”

“ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?”

“በጠብታው እሞክራለሁ።”

በጠብታው! ጠብታዋ ላይ የሰው ፊት ቀርቶ አፍንጫው አያልፍም። ይህን ታውቀዋለች፤ ዐይኗ ውስጥ አየሁት። ቢሆንም ማልኩላት። መሐላዬን ደግሞ የማከብር ሰው ነኝ፤ የምዋሸው ሳልምል ብቻ ነው። በስሟ ላልለምን ማልኩ እንጂ ላልዋሽ አልማልኩም። በቀጥታ ወደ ሹፌሩ ሄድኩ።

“ስማ፣ ማክሰኞ ጠዋት ተራችሁ ተሰርዟል።”

“ለምን?”

“ራውተሩ ታሟል። ደም ግፊት ነው። ያ ኮሪያዊ ጫማ ነው የጣለው። ሐኪም ግማሽ ቀን አልጋ አዞለታል።”

ሹፌሩ መኪናውን የሚወለውልበትን ጨርቅ ትከሻው ላይ ጣለና አየኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስዋሽ የሰማ ሰው አስተያየት ነው።

“ለመስኖዋ ፈተና ነው ብትል ምላስህ ይቆረጣል?”

“ማን ነገረህ?”

“ማን ያልነገረኝ አለ? የባጃጁ ሰልፍ ሁሉ ያውቃል። እኔ የገረመኝ እናንተ አለመጠየቃችሁ ነው። ‘ምን አስቀየምናቸው’ እየተባባልን ነው የሰነበትነው።”

“እኔ አልጠየቅሁህም” አልኩ ፈጠን ብዬ። “ልብ በል። ምዬ ነው።”

“እኔም አልተጠየቅሁም” አለ። “ያልተጠየቅሁትን ብሰጥ የሚከለክለኝ ሕግ አለ?”

እንዲህ ያለ ሕግ እንደሌለ፣ እኔ ከሕጉ አርቃቂዎች አንዱ እንደመሆኔ፣ አረጋገጥኩለት።

ሰኞ ከሰዓት ኃላፊው አስጠሩኝ። በራቸውን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ነገ ጠዋት ሁላችንም ግቢ ወጥተን እንቆማለን አሉ።”

“ማን አለ?”

“ሹፌሩ። እኔን ሹፌር ያዝዘኝ ጀመር።”

“ነገ እርስዎ ሪፖርት የሚያወርዱበት ተራ ነው።”

“ሪፖርቱ ሐሙስ ቢደርስ ክልሉ አይፈርስም። ያልገባኝ፣ ለምን እንቆማለን? ኮምፒዩተሬን ዘግቼ ክፍሌ ብቀመጥስ?”

“ሹፌሩ ምን አለ?”

“አያምነኝም!” አሉ እጃቸውን ዘርግተው። “ቦይ የተወ ሰው ሌላውም መተዉን በዐይኑ እያየ ነው የሚተወው አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኛም አገር እንደዚያ ነው። አባቴ ተራውን ለሰው ሲሰጥ አካፋውን መሬት ላይ ተክሎ እዚያው ይቆም ነበር፤ እጄ ባዶ ነው ለማለት።” ትንሽ አሰቡና “ጃንጥላ ይፈቀዳል?” አሉኝ።

“ለእርስዎ ይፈቀዳል።”

ማክሰኞ ጠዋት እንጅባራ እንደልማዷ ጉም ለብሳ፣ ካፊያዋን እያንጠባጠበች ነቃች። እኔ በጊዜ ገብቼ ቦዩን ሁሉ ወደ ግርጌ መለስኩት። አጥር ሥር የነበሩት ባጃጆች በሙሉ ያን ጠዋት በተአምር ተጠግነው ሄደዋል፤ ሹፌሩ አንድ ዙር ዞሯቸው ነበር። ሒሳብ ሠራተኛዋ ሰፌድ ይዛ በየክፍሉ እየዞረች ስልክ ሰበሰበች። ስልክ ሌባ ነው፤ ባለቤቱ ዝም ቢል እንኳ ኪስ ውስጥ ሆኖ በራሱ ጊዜ ይጠጣል። ሁሉም ተዘግቶ ሰፌዱ ላይ ተዘረጋ፣ ላስቲክ ተደረበበት፤ ለመሰጣት የወጣ ብቅል ይመስላል።

መስኖዋ ጋ ስደርስ ጥቁር ሹራብ ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደኋላ አስራ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጣለች። ፊቷ ገርጥቷል።

“ሰው የት ሄዶ ነው እንዲህ ጸጥ ያለው?”

“ስብሰባ ላይ ናቸው።”

“የምን ስብሰባ?”

“የቁም ስብሰባ” አልኳት፤ ይህችውላችሁ፣ አንድም ውሸት የለባትም። ከዚያ ጠረጴዛዋ ሥር ገባሁ።

“ኧረ ምን እያደረግህ ነው?”

“ኬብልሽን ይዤ ነው። ምላስ የለውም፤ በጣቴ ካልያዝኩት ይወልቃል።”

“ከሥር ሆነህ እንዳታስቀኝ ብቻ።”

እኔ ከሆዴ ጋር ከዚያ ጠረጴዛ ሥር መግባቴ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። ጉልበቴ አገጬን ነክቶት የማያውቀው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ ያን ቀን ተዋወቁ። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ የእሷ ጫማ ብቻ ነበር። የቀኝ ጫማዋ መሬቱን ቶሎ ቶሎ ይመታል።

ፈታኞቹ ገቡ። ድምፃቸው ጎረቤት ቤት እንዳሉ ጥርት ብሎ ተሰማ። “በደንብ እናይሻለን” አላት አንዱ። ጫማዋ ለቅጽበት ዝም አለ፤ ከጠብታ ይህን ያህል አልጠበቀችም። ከዚያ ጥያቄው ጀመረ። ስለ አፈር ጠየቋት፣ መለሰች። ስለ ቦይ ተዳፋት ጠየቋት፣ መለሰች። ጫማው እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘ ሄደ። እኔም ከሥር ሆኜ እያንዳንዱን መልስ በራሴ ንቅናቄ አጸድቅ ነበር፤ ከተዳፋቱ አንዲት ቃል ባይገባኝም።

ድንገት ድምፁ ቆመ።

ጆሮዬን አቆምኩ። ምንም የለም። ጣቴ ውስጥ ያለው ኬብል በቦታው ነው፤ እንዲያውም ጣቴ ሰማያዊ እስኪሆን ጨምቄዋለሁ። ከሃዲ አለ ማለት ነው! ከሰፌዱ ያመለጠ ስልክ አለ! በሐሳቤ የግቢውን ሰው አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ ሹፌሩን በሐሳቤ ሦስቴ አነቅሁት። ወጥቼ ልጩህ ብል ኬብሉን መልቀቅ ነው። ዝም ብዬ ብቀመጥ የሰው ዕድሜ እየፈሰሰ ነው። ያን ያህል ረዳት የሌለው ሆኜ አላውቅም፤ ለቀልድ እንኳ አፌ አልከፈትልህ አለኝ።

ከላይ ወንበሯ ሲዞር ተሰማኝ። ጫማዋ ወደ መስኮቱ ዞረ። 

መስኮቷ ወደ ግቢው ነው የሚያየው። ምን እንዳየች በኋላ ነው የገባኝ፤ ባየሁት ኖሮ እኔም ኬብሉን እለቅ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ በካፊያ ውስጥ፣ ከውሃ ታንከሩ ጎን ተደርድሮ ቆሟል። እጃቸው ሁሉ ባዶ ነው። ኃላፊው ጃንጥላቸውን ለራሳቸው ሳይሆን ለሰፌዱ ይዘውለታል። ጉዳይ ሊያስፈጽሙ የመጡ ገበሬዎችም ከሰልፉ ተቀላቅለዋል። አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው “ማን አርፎ ነው?” ብለው ሹፌሩን ጠይቀውት ነበር አሉ። ሹፌሩም ነገሩን ሲያስረዳቸው ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ “ውሃ እየመለሳችሁ ነዋ! እንዲህ አትሉኝም?” ብለው ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው እሳቸውም ቆሙ።

“ይሰማል? ይሰማል?” አለ ላፕቶፑ በድንገት። “ይቅርታ፣ የእኛ መሥመር ነው የተቋረጠው። አንቺ ትሰሚናለሽ?”

የእነሱ! ከራስጌ ነበር የተሰበረው! ጠረጴዛውን በጭንቅላቴ ላነሳው ምንም አልቀረኝም።

“እሰማችኋለሁ” አለች። ድምጿ ግን ተለውጧል፤ አፍንጫዋ ላይ ነበር።

“እዚያ መሥመራችሁ እንዴት እንዲህ ጥሩ ሆነ? ለማንኛውም፣ የመጨረሻ ጥያቄ። ውሃ ሲያከፋፍል የሚውለው ሰው ራሱ ሲቸገርስ? ሥርዓቱ ለእሱ ምን መልስ አለው?”

 ጫማዋ አልተንቀሳቀሰም። “አሁን ጠፋሽ” አልኩ በልቤ። ከዚያ እንዲህ ስትል ሰማኋት፤

“አባቴ የውሃ አባት ነበር። አንድ ዓመት ሽንኩርቱ ሲነድ ከተራው በላይ ውሃ አልወሰደም። ለሰው የማወራው እስከዚህ ነው። ከዚያ የሆነውን ግን አላወራም ነበር፤ ሕግ አይመስለኝም ነበርና። አንድ ጠዋት ማሳው ላይ ስንደርስ መደቡ ርሷል። ጎረቤቶቹ የየራሳቸውን ቦይ በየራሳቸው እጅ ዘግተው ውሃውን ወደ ታች ለቀውታል። አባቴ ማን እንደሆነ አልጠየቀም፤ እነሱም አልነገሩትም። የጠየቃችሁኝ መልስ ይሄ ነው። የሚያከፋፍለው ሰው ለራሱ አይከፍትም፤ ሌሎቹ ናቸው በራሳቸው ላይ የሚዘጉት። መሥመሩ ለምን ጥሩ እንደሆነም ብትጠይቁኝ…”

ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ሲንሸራተት ኬብሉ እጄ ውስጥ ተጎተተ፤ እኔም አብሬው ተጎተትኩ። ወደ መስኮቱ አዞረችው።

“ኢንተርኔታቸውን ለእኔ ትተው ነው” አለች። “ማንም አልጠየቃቸውም።”

ከወዲያኛው በኩል ለረዥም ጊዜ ድምፅ አልመጣም። መሥመር ተቋርጦ እንዳልሆነ ኬብሉን የያዝኩት እኔ እመሰክራለሁ።

ሲጨርሱ ከጠረጴዛው ሥር እሷና ሹፌሩ ናቸው ጎትተው ያወጡኝ፤ አንድ እግሬ እስከ ከሰዓት ድረስ የእኔ አልነበረም። ለሰዎቹ ምንም አላለችም። ግቢው ወጥታ ከሰፌዱ ላይ የእያንዳንዱን ስልክ እያነሳች በየእጃቸው ሰጠቻቸው፤ እነሱም ስለ ብርዱ አወሩ። ኃላፊው ካነጠሱ በኋላ “ስብሰባው ተፈጽሟል” አሉ።

ፈተናውን አለፈች። ወሬው የመጣው በጠብታዋ፣ በአጭር ደብዳቤ ነው፤ ለምሥራች ያን ያህል ቦይ አያስፈልግም ለካ። ከመሄዷ በፊት የውሃ አባትነቷን በስብሰባ አስረከበች፤ የግርጌውን ክፍል ለእኔ ሰጡኝና ማዕረጉም አብሮ ተጫነብኝ። አሁን የምወደውን ኳስ የማየው ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ነው፤ ማንም ለእኔ አዝኖ ግቢ ሲቆም እስካሁን አላየሁም።

የመጨረሻዋን ሐሙስ ግን አልረሳም። ማዕረጓን ካስረከበች በኋላ የቀረቻት የራሷ ተራ ነበረች። ለመንገዷ የሚያስፈልጋትን ታወርዳለች ብዬ ሙሉውን ቦይ ለቀቅሁላት። እሷ ግን ያን ቪዲዮ ፈልጋ አገኘችው፤ ሹፌሩ በዚያች ማክሰኞ ተራውን በመተዉ ግማሽ ላይ የቀረበትን የኮሪያ ጫማ። የቀረውን በሙሉ አውርዳ በፍላሽ አስገብታ ሰጠችው። ሹፌሩ ፍላሹን ተቀብሎ መዳፉ ላይ ሲያገላብጠው ዐይኑ ሞላ፤ ጉም ነው አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ “እህሳ፣ ጫማውን ሰፋኸው?” አልኩት።

“ማን? እኔ? ጫማ መስፋት መች ፈለግሁ?” አለኝ መስታወቱን እየወለወለ። “ተራዬ ነበር እኮ!”